በሴል ከረጢቶች ላይ ያለው ፕሮቶን ፓምፕ ከማመንጨት ጋር ምን አገናኘው?

ጥያቄ፦ «ሆርሞን ወይም የነርቭ መልእክት የሚለቁ ሴሎች ውስጥ ትናንሽ ከረጢቶች (ቬሲክሎች) አሉ። ግድግዳቸው ላይ ፕሮቶን ፓምፕ እንዳለና የከረጢቱን ውስጥ አሲድ እንደሚያደርገው አንብቤአለሁ። ይህ ከማመንጨት (ሴሉ የከረጢቱን ይዘት ወደ ውጭ ከመልቀቁ) ጋር ምን አገናኘው? ይዘቱን ወደ ውጭ የሚገፋው አሲዱ ነው? ፓምፑ ቢቆምስ ማመንጨት ይቆማል? ለጨጓራ የሚታዘዙት የፕሮቶን ፓምፕ መድኃኒቶችስ ይህንንም ፓምፕ ያቆሙታል?»

ምላሽ፦

ጥያቄዎን ሳነብ ደስ አለኝ። ብዙ ሰው «አሲድ ያደርገዋል» የሚለውን ሸምድዶ ያልፋል እንጂ ለምን ብሎ አይጠይቅም። ቁም ነገሩ ያለው ደግሞ እዚያ «ለምን» ላይ ነው።

አጭሩን መልስ ላስቀድም። አሲዱ ይዘቱን ወደ ውጭ አይገፋም። የፓምፑ ዋና ሥራ የሚከናወነው ከረጢቱ ከመከፈቱ በፊት ነው። ከረጢቱ እንዲሞላ የሚያደርገው እሱ ነው። ውስጥ ያለው ሆርሞን እንዲበስልና እንዲታሸግ የሚያደርገውም እሱ ነው። «አሁን ልቀቅ» የሚለው ትእዛዝ ግን ከሌላ በኩል ይመጣል፤ ከካልሲየም። እነዚህን ሁለት ሥራዎች ለይተን ካየናቸው የቀሩት ጥያቄዎችዎ ቦታ ቦታቸውን ይይዛሉ።

ከፓምፑ ልጀምር። ስሙ ቪ-ኤቲፒኤዝ ነው። «ቪ» የመጣችው ቫኩዎል (የእርሾና የዕፅዋት ሴል ትልቅ ከረጢት) ከሚለው ቃል ነው። ፓምፑ ሁለት ክፍል አለው። አንዱ ከከረጢቱ ውጭ፣ ሳይቶፕላዝም በሚባለው የሴሉ ፈሳሽ ውስጥ ጎልቶ ይታያል። የሴሉ ጉልበት ተሸካሚ የሆነው ኤቲፒ የሚሰነጠቀው እዚህ ነው። ሌላው ክፍል የከረጢቱ ግድግዳ በሆነው ገለፈት ውስጥ ተቀብሯል። ፕሮቶን (አሲድነትን የሚፈጥረው የሃይድሮጅን አዮን) የሚያልፈው በእሱ በኩል ነው። ሁለቱን የሚያገናኝ ዘንግ አለ። ኤቲፒ ሲሰነጠቅ ዘንጉ ይዞራል። ዘንጉ ሲዞር ገለፈቱ ውስጥ ያለው የፕሮቲን ቀለበት አብሮት ይዞራል። ቀለበቱ ፕሮቶን ከሳይቶፕላዝም በኩል እየጫነ ከረጢቱ ውስጥ ያራግፋል። በደንብ የተጠናውን የእርሾ ሴል ፓምፕ ብንወስድ፣ ለአንድ ሙሉ ዙር 3 ኤቲፒ ይወጣል፣ 10 ፕሮቶን ይገባል። ሚቶኮንድሪያ ውስጥ ኤቲፒ የሚሠራው ኢንዛይም የዚህ ፓምፕ የቅርብ ዘመድ ነው። እዚያ ፕሮቶን እያለፈ ኤቲፒ ይሠራል። እዚህ ኤቲፒ እየወጣ ፕሮቶን ይገባል። ማሽኑ ያው ነው፤ የሚዞርበት አቅጣጫ ነው የተገለበጠው።

እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ቁጥሩ ነው። አንድ የነርቭ ከረጢት 40 ናኖሜትር ገደማ ስፋት አለው። እዚያ ላይ የሚገኘው ፓምፕ በአማካይ 1 ወይም 2 ብቻ ነው። ከረጢቱን ከሴሉ ገለፈት ጋር ለማዋሃድ የሚያገለግለው ሲናፕቶብሬቪን የተባለ ፕሮቲን ግን በዚያው ከረጢት ላይ ወደ 70 ይደርሳል። ማለትም የከረጢቱ የመሞላት ዕድል በአንዲት ማሽን ላይ የተንጠለጠለ ነው። ያቺ ማሽንም ሳታቋርጥ አትሠራም። በ2022 በወጣ ጥናት ተመራማሪዎች የአጥቢ እንስሳት አንጎል ከረጢቶችን አንድ በአንድ ተከታትለዋል። ፓምፑ ለተወሰነ ጊዜ ይሠራል፣ ለተወሰነ ጊዜ ያርፋል፣ አንዳንዴም ያስገባውን ፕሮቶን መልሶ ያፈስሳል።

አሁን ወደ አሲዱ። ፒኤች የአሲድነት መለኪያ ነው፤ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል። ሳይቶፕላዝም ውስጥ 7.2 ገደማ ነው። ከረጢቱ ውስጥ 5.5 ገደማ ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ፒኤች የሎጋሪዝም መለኪያ ስለሆነ ውስጥ ያለው የፕሮቶን ክምችት ከውጭው 50 ጊዜ ያህል ይበልጣል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ስሌት ላሳይዎት፤ ሐሳቡን ያጠራዋል። የዚያን ትንሽ የነርቭ ከረጢት የውስጥ መጠን አስልተው በፒኤች 5.5 ስንት ነፃ ፕሮቶን እንደሚኖር ቢቆጥሩ፣ መልሱ ከ1 በታች ይመጣል። በማንኛውም ቅጽበት አንድም ነፃ ፕሮቶን ላይኖር ይችላል። ታዲያ የገቡት ፕሮቶኖች የት ሄዱ? አብዛኞቹ ውስጥ ባሉት ፕሮቲኖችና ሌሎች ሞለኪውሎች ላይ ተጣብቀዋል። ስለዚህ ከረጢቱን በአሲድ እንደተሞላ ጠርሙስ አያስቡት። ጉልበት እንደተቆጠበበት ባትሪ ቢያስቡት ይሻላል። «አሲዱ ይገፋዋል» የሚለው ሐሳብም እዚሁ ላይ ይወድቃል። የሚገፋ ነገር የለም።

ባትሪ ያልኩት በዘፈቀደ አይደለም። ፕሮቶን ፖዘቲቭ ቻርጅ ይዞ ነው የሚገባው። ስለዚህ ፓምፑ ሲሠራ ሁለት ነገር አብሮ ይከማቻል። አንዱ የፒኤች ልዩነት ነው። ሌላው የቮልቴጅ ልዩነት ነው፤ የከረጢቱ ውስጥ ፖዘቲቭ ይሆናል። ፖዘቲቩ ቻርጅ ብቻውን ቢከማች ፓምፑን ቶሎ ያግደዋል፤ ምክንያቱም አዲስ የሚመጣውን ፕሮቶን መልሶ ይገፋዋል። ክሎራይድ ከውጭ ሲገባ ግን ቮልቴጁን ያለዝበዋል። ያኔ ፓምፑ ብዙ ፕሮቶን ማስገባት ይችላል፣ ፒኤቹም ይወርዳል። ስለዚህ አንድ ከረጢት የያዘው ጉልበት ምን ያህሉ በፒኤች፣ ምን ያህሉ በቮልቴጅ መልክ እንደሚቀመጥ የሚወስነው ፓምፑ ብቻ አይደለም። ክሎራይድና ሌሎች አዮኖችም ድርሻ አላቸው።

ይህ ለምን አስፈለገን? የተለያዩ ሸቀጦች የሚጫኑት በተለያየ ጉልበት ስለሆነ ነው።

ዶፓሚን፣ ኖርአድሬናሊን፣ አድሬናሊንና ሴሮቶኒን ወደ ከረጢት የሚገቡት በአንድ ዓይነት አጓጓዥ ፕሮቲን ነው። ቪማት ይባላል። ቪማት 2 ፕሮቶን ወደ ውጭ እየለቀቀ በምትኩ 1 ሞለኪውል ወደ ውስጥ ያስገባል። አሴቲልኮሊንም በተመሳሳይ የፕሮቶን ልውውጥ ይገባል። እነዚህ በዋናነት የፒኤቹን ልዩነት ይጠቀማሉ። ግሉታሜት ግን ኔጋቲቭ ቻርጅ አለው። ስለዚህ በዋናነት የሚስበው ፖዘቲቩ ቮልቴጅ ነው። ጋባ የተባለው ኬሚካል ደግሞ ከሁለቱም ይወስዳል። ፓምፑ አንድ ሆኖ ሳለ እያንዳንዱ ከረጢት ከዚያው ባትሪ የሚፈልገውን ዓይነት ጉልበት ይቀዳል። ለእኔ ከዚህ የሚያምር የሴል ሥራ ብዙ የለም።

የውጤቱን ትልቅነት ለማየት አድሬናል ዕጢ ውስጥ ያሉትን ከረጢቶች ይመልከቱ። እነዚህ 300 ናኖሜትር ገደማ ስፋት ያላቸው ትላልቅ ከረጢቶች ናቸው። ውስጣቸው ያለው የአድሬናሊንና የኖርአድሬናሊን ክምችት በሊትር ግማሽ ሞልና ከዚያም በላይ ይሆናል። ይህ ከሳይቶፕላዝሙ በሺዎች እጥፍ ይበልጣል። እንዲህ ያለ ክምችት እንዲሁ ቢተው ውኃ ስቦ ከረጢቱን ባፈነዳው ነበር። የማይፈነዳው አድሬናሊኑ ከኤቲፒ፣ ከካልሲየምና ክሮሞግራኒን ከሚባሉ ፕሮቲኖች ጋር ተያይዞ ስለሚታመቅ ነው። ክሮሞግራኒን እንዲህ የሚሰባሰበው አሲድና ካልሲየም ሲያገኝ ነው። አሲዱን ያመጣው ማን ነው? አሁንም ፓምፑ። ጉልበቱን የሚሰጠውም፣ ማሸጊያውን የሚያመቻቸውም እሱ ነው።

አንድ የቆየ መድኃኒት ይህንን በግልጽ ያሳያል። ሪሰርፒን ለደም ግፊት ይሰጥ የነበረ መድኃኒት ነው። ፓምፑን አይነካም፤ ቪማትን ነው የሚዘጋው። ባትሪው እንደሞላ ነው፤ ነገር ግን በባትሪው የሚሠራው መጫኛ ቆሟል። ከረጢቶቹ ቀስ በቀስ ባዶ ይሆናሉ። የደም ግፊት የሚወርደውም ነርቮቹ የሚለቁት ኖርአድሬናሊን ስለሚመናመን ነው።

የፕሮቲን ሆርሞኖች ታሪክ ትንሽ ይለያል። ኢንሱሊንን እንውሰድ። ኢንሱሊን ከውጭ ተጭኖ ወደ ከረጢቱ አይገባም። ከረጢቱ ሲፈጠር ጀምሮ ውስጡ ነው ያለው። ግን ገና ጥሬ ነው። ፕሮኢንሱሊን ይባላል፤ 86 አሚኖ አሲድ ያለው ረጅም ሰንሰለት ነው። ጉዞውን በፒኤች ብንከታተለው እንዲህ ነው፦ መነሻው ፕሮቲን በሚሠራበት ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም ላይ 7.2 ገደማ፣ ፕሮቲን በሚታሸግበት ጎልጂ መጨረሻ ላይ ሲደርስ 6 ገደማ፣ የበሰለ ከረጢት ውስጥ 5.5 ገደማ። ወደ ፊት በሄደ ቁጥር አሲዱ ይጨምራል።

አሲዱ ሲጨምር ፕሮኢንሱሊንን የሚቆርጡ ኢንዛይሞች ይነቃሉ። እነዚህ ኢንዛይሞች በሳይቶፕላዝም ፒኤች በደንብ አይሠሩም። አሲድ ውስጥ ገብተው ሰንሰለቱን ሁለት ቦታ ይቆርጡታል። መሃል ላይ የነበረው 31 አሚኖ አሲድ ያለው ቁራጭ ሲ-ፔፕታይድ ሆኖ ይለያል። መቁረጫዎቹ ላይ ያሉት 4 አሚኖ አሲዶችም ይወገዳሉ። የቀረው 51 አሚኖ አሲድ ያለው ኢንሱሊን ነው። ከዚያ ዚንክ ይመጣል። ዚንክን የሚያስገባው አጓጓዥም በፕሮቶን ልውውጥ ነው የሚሠራው። 6 ኢንሱሊኖች በ2 ዚንክ ዙሪያ ይሰባሰቡና ክሪስታል ይሆናሉ። ኢንሱሊን በከረጢቱ ፒኤች አካባቢ የመሟሟት አቅሙ በጣም ዝቅተኛ ስለሆነ ክሪስታሉ ጸንቶ ይቆያል። ከረጢቱ ሲከፈትና ክሪስታሉ 7.4 ፒኤች ካለው ፈሳሽ ጋር ሲገናኝ ወዲያው ይሟሟል። በአሲድ ይታሸጋል፣ ከአሲድ ሲወጣ ይፈታል። ቆሽት በትንሽ ቦታ ብዙ ኢንሱሊን አከማችቶ በደቂቃዎች ውስጥ ለደም ማድረስ የሚችለው በዚህ ነው።

አሲዱ ሌላም ሥራ አለው፦ ሸቀጡን ወደ ትክክለኛው መንገድ መለየት። ሴል ሁለት ዓይነት የመልቀቂያ መንገድ አለው። በአንደኛው ያገኘውን ሳያቋርጥ ያወጣል። በሁለተኛው አከማችቶ ትእዛዝ ይጠብቃል። በ1983 በወጣ ጥናት ተመራማሪዎች ኤሲቲኤች የተባለውን ሆርሞን ለሚያመርቱ የአይጥ ሴሎች ክሎሮኪን ሰጧቸው። ክሎሮኪን ደካማ ቤዝ ነው፤ የከረጢቶችን አሲድነት ያረክሳል። ሆርሞኑ ወደ ማከማቻው መሄዱ ቀረና ሳያቋርጥ በሚያወጣው መንገድ ፈሰሰ። እዚህ ላይ ልብ ይበሉ፦ አሲዱ ሲጠፋ መውጣቱ አልቆመም። የጠፋው ቁጥጥሩ ነው።

አሁን «ልቀቅ» ወደሚለው ትእዛዝ እንምጣ። ነርቭ ሲነቃ ወይም ሆርሞን አመንጪ ሴል ሲቀሰቀስ ካልሲየም ወደ ሳይቶፕላዝሙ ይገባል። ሲናፕቶታግሚን የተባለ ፕሮቲን ካልሲየሙን ይይዛል። ስኔር የሚባሉ ፕሮቲኖች ደግሞ፣ ከከረጢቱ በኩልና ከሴሉ ገለፈት በኩል ያሉት እርስ በርስ ተጠማዘው ሁለቱን ገለፈቶች ያዋህዳሉ። በር ይከፈታል፣ ይዘቱ ይወጣል። እዚህ ሂደት ውስጥ ፕሮቶን የሚገፋው ነገር የለም።

ማስረጃው ምንድን ነው? ባፊሎማይሲን የሚባል ቪ-ኤቲፒኤዝን የሚያቆም ውህድ አለ። ለነርቭ ሴል ሲሰጥ ከረጢቶች መዋሃዳቸውን አያቆሙም። ነገር ግን እያንዳንዱ ከረጢት የሚለቀው መጠን እያነሰ ይሄዳል። የተለቀቁት ተመልሰው ሲገቡ የሚሞላቸው ስለሌለ በሚቀጥለው ዙር ባዶአቸውን ይሄዳሉ። ለጥያቄዎ መልሱ ይኸው ነው። ፓምፑ በቆመበት ቅጽበት ማመንጨት አይቆምም። ቀድመው የሞሉት ከረጢቶች ይወጣሉ። ጉዳቱ የሚታየው ቀጥሎ ነው፤ በሩ ይከፈታል፣ የሚወጣ ግን የለም።

ተቃራኒውን የሚያሳዩት የቴታነስና የቦቱሊነም መርዞች ናቸው። እነዚህ ስኔሮችን ይቆርጣሉ። ከረጢቶቹ ሙሉ ናቸው፣ ፓምፑም ይሠራል፤ ነገር ግን አይዋሃዱም። መርዞቹ ወደ ሴሉ የሚገቡበት መንገድ ደግሞ ለዚህ ርዕስ የተሰጠ ምሳሌ ይመስላል። የቦቱሊነም መርዝ፣ ይዘቱን ለቅቆ ወደ ሴሉ በሚመለስ የነርቭ ከረጢት ውስጥ ተሳፍሮ ይገባል። ፓምፑ ከረጢቱን አሲድ ሲያደርገው መርዙ ቅርጹን ይቀይርና ቆራጭ ክፍሉን ገለፈቱን አሻግሮ ወደ ሳይቶፕላዝም ያስገባል። ማለትም ማመንጨትን ለማስቆም የሚጠቀመው ማመንጨትን የሚያዘጋጀውን ፓምፕ ነው። በቤተ ሙከራ ባፊሎማይሲን አስቀድሞ ከተሰጠ መርዙ መሻገር ያቅተዋል።

ሆኖም ፓምፑ ከመልቀቁ ጋር ጭራሽ አይገናኝም ብዬ መደምደም አልፈልግም። በ2001 በእርሾ ቫኩዎሎች ላይ፣ በ2005 ደግሞ በፍሬ ዝንብ ነርቮች ላይ የወጡ ጥናቶች፣ የፓምፑ ገለፈት ውስጥ የተቀበረው ክፍል ፕሮቶን ከማስገባት ውጭ በመዋሃዱ ላይም ድርሻ እንዳለው አመልክተዋል። ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ግኝት አለ። ከረጢቱ ሲሞላ ሳይቶፕላዝም በኩል ያለው የፓምፑ ክፍል ከገለፈቱ ክፍል ይላቀቃል። ከእነዚህ ተነሥተው አንዳንድ ተመራማሪዎች ፓምፑ «ሞልቻለሁ» ብሎ ለስኔሮች የሚናገር ምልክት ነው ይላሉ። ሐሳቡ ይማርከኛል። ባዶ ከረጢት እንዳይወጣ የሚከለክል ነገር ቢኖር ለሴሉ ይጠቅመው ነበር። ነገር ግን ባዶ ከረጢቶችም ሲዋሃዱ እናያለን። ስለዚህ ምልክቱ ቢኖር እንኳ ፍጹም ክልከላ አይደለም፤ ቢበዛ መጠነኛ ተጽዕኖ ነው። እኔ ክብደቱን አሁንም መሙላቱ ላይ ነው የማደርገው።

ከረጢቱ ከተከፈተ በኋላ ያለው ነገርም ደስ ይላል። የውስጡ ፒኤች በአንድ ጊዜ ከ5.5 ወደ ውጭው 7.4 ይዘላል። በ1998 ተመራማሪዎች ይህንን ዝላይ ለማየት ተጠቀሙበት። አሲድ ውስጥ የሚጠፋ፣ ከአሲድ ሲወጣ የሚበራ አረንጓዴ ፕሮቲን ሠርተው ከረጢቱ ውስጥ አኖሩ። ከረጢቱ ሲለቅ ብርሃን ይታያል። ገለፈቱ ተመልሶ ሲገባና ፓምፑ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ እንደገና አሲድ ሲያደርገው ብርሃኑ ይጠፋል። ዛሬ በብዙ ቤተ ሙከራዎች የነርቭ ልቀት የሚለካው በዚህ ዘዴ ነው። የሚወጡት ፕሮቶኖች ራሳቸውም እንዲሁ አይባክኑም። ዓይን ሬቲና ውስጥ ኮን በሚባሉት ሴሎች፣ ከከረጢቱ ጋር የወጣው ፕሮቶን እዚያው ያሉትን የካልሲየም በሮች ለአፍታ ያዳክማል።

እስካሁን ፓምፑ ሌላውን ሲያዘጋጅ ነው ያየነው። የሚመነጨው ነገር ራሱ ፕሮቶን የሚሆንባቸው ሴሎችም አሉ። ኩላሊት ውስጥ አሲድ ወደ ሽንት የሚያስወጡ ሴሎች ቪ-ኤቲፒኤዝ የያዙ ከረጢቶችን አከማችተው ይጠብቃሉ። ደም አሲድ ሲበዛበት ከረጢቶቹ ከሴሉ ገለፈት ጋር ይዋሃዳሉ፣ ፓምፑም ገለፈቱ ላይ ሆኖ አሲዱን ወደ ውጭ ያስወጣል። አጥንት የሚያሟሙ ሴሎችም ያንኑ ያደርጋሉ። በእነዚህ ሴሎች የሚሠራው የፓምፑ አንድ ክፍል በጂን ለውጥ ሲበላሽ አጥንት መሟሟት አቅቶት ከመጠን በላይ የሚጠጥርበት ከባድ የሕፃናት በሽታ ይመጣል። እዚህ ላይ ከረጢቱ የሚያጓጉዘው ሸቀጥ ፓምፑ ራሱ ነው።

ጨጓራም እንዲሁ ከረጢት ይጠቀማል፤ ፓምፑ ግን ሌላ ነው። የጨጓራ አሲድ የሚያመነጩት ሴሎች ያላቸው ፓምፕ ፕሮቶን አስወጥቶ በምትኩ ፖታሲየም የሚያስገባ ነው። አይዞርም። አሠራሩም ዝርያውም ከቪ-ኤቲፒኤዝ የተለየ ነው። ሁለቱም «ፕሮቶን ፓምፕ» መባላቸው ነው ሰውን የሚያደናግረው።

ለጨጓራ የሚታዘዙት የፕሮቶን ፓምፕ መድኃኒቶች፣ ኦሜፕራዞልና ወንድሞቹ፣ የሚይዙት ያንን የጨጓራውን ፓምፕ ነው። መድኃኒቱ ሲዋጥ ገና አይሠራም። መጀመሪያ ኃይለኛ አሲድ ያለበት ቦታ ተከማችቶ መቀየር አለበት። ያንን የሚያገኘው ፒኤች ወደ 1 በሚወርድበት የጨጓራ ሴል ቦይ ውስጥ ነው። ከዚያ ፓምፑ ላይ ካለ ሲስቲን የተባለ አሚኖ አሲድ ጋር ጸንቶ ይተሳሰራል። የነርቭ ወይም የኢንሱሊን ከረጢት 5.5 ነው፤ ለዚህ መድኃኒት በቂ አሲድ አይደለም። የመድኃኒቱ ዒላማም እዚያ የለም። ስለዚህ ለጨጓራ በሚታዘዘው መጠን የሆርሞን ከረጢቶችዎ ፓምፕ ይቆማል ብለው አይስጉ።

የመጨረሻ ነገር ልጨምር፤ ስለ አንድ ውህድ «ማመንጨትን ይቀንሳል» የሚል ጽሑፍ ሲያነቡ ይጠቅምዎታል። እንዴት እንደለኩት ይፈልጉ። ሳህኑ ውስጥ የተጠራቀመውን ጠቅላላ ሆርሞን ብቻ ለክተው ከሆነ፣ መሙላቱ ይጎዳ መልቀቁ አይታወቅም። አድሬናሊን በሚለቁ ሴሎች ላይ ግን ቀጭን የካርቦን ሽቦ ሴሉ ላይ አስጠግቶ እያንዳንዱን ከረጢት ለየብቻ መለካት ይቻላል። አንድ ከረጢት ሲከፈት አንድ ሹል ምልክት ይታያል። የምልክቶቹ ቁጥር ሳይቀንስ እያንዳንዱ ካነሰ፣ የተነካው ፓምፑ ወይም መጫኛው ነው። እያንዳንዱ መጠኑን ጠብቆ ቁጥሩ ካነሰ፣ ጥርጣሬዎን ወደ ካልሲየምና ወደ ስኔሮቹ ያዙሩ።